የሸርቆሌ ማንጎና የገዢው ዓይን

ማንጎ ላይ መርዝ የሚረጭ ሰው በልጅነቴ አላየሁም፤ በሥራ ዘመኔም ሸርቆሌ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አላየሁም። የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ ሆኜ ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ፣ ከሆሞሻ ወደ ሸርቆሌ ስመላለስ የማውቀው ማንጎ ማንም የማይኮተኩተው፣ ማንም የማይገርዘው፣ ከሣር ክዳኑ ቤት ብዙ እጥፍ የሚረዝም ዛፍ ነበር። ከሥሩ ፍየል ያርፋል፣ ሽማግሌዎች ነገር ያያሉ፣ ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ፍሬ ያወርዳሉ። ዛሬ በዚያው ዛፍ ሥር ስቀመጥ ሰዎች «የሚረጨውን መቼ ታመጣልናለህ?» ይሉኛል። ሰው እዚህ ጥያቄ ላይ እንዴት እንደደረሰ ብጽፍ ደስ ይለኛል። ነገሩ የሸርቆሌ ብቻ አይደለም፤ አሶሳና አዲስ አበባ ተቀምጦ ማንጎውን፣ ቲማቲሙን፣ ጎመኑን የሚበላው ሰው እጅም አለበት።

ሸርቆሌ ከአሶሳ ወደ ሰሜን፣ ሆሞሻን አልፎ የሚገኝ ቆላ ወረዳ ነው። በአንድ በኩል አባይ፣ በሌላው በኩል ሱዳን አለ። የበርታ ሕዝብ ማሽላውን ይዘራል፣ በበጋ ወንዝ ዳር አፈር እያጠበ ወርቅ ያወጣል፣ ከቤቱ ጓሮ ደግሞ ከንከሴ አይጠፋም። ከንከሴ ሌላው አገር ባሚያ የሚለው ነው። እርጥቡ ይበላል፣ የተረፈው ተከትፎ ይደርቅና ለበጋው ወጥ ይቀመጣል። ማንጎው ከሱዳን በኩል እንደመጣ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ። ዘሩ ተጥሎ በቅሎ ያደገ ስለሆነ ከዛፍ ዛፍ ጣዕሙም መጠኑም ይለያል፤ አንዱ ጭረታም ነው፣ ሌላው ማር ነው። ክረምቱ ሳይገባ የሚደርሰው ፍሬ ቀድሞ ከቤተሰብና ከጎረቤት አልፎ ብዙ ገበያ አያውቅም ነበር።

መርዙ ወደዚህ አገር ሲገባ ለአትክልት ብሎ አልገባም። የመጀመሪያው መንገድ ወባ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መኸር ኢትዮጵያን የመታው የወባ ወረርሽኝ እስከ 150,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ያውም ወባ ብዙም የማይደፍረውን ወይና ደጋ ሳይቀር ዘልቆ ነው። በማግስቱ፣ በ1951 ዓ.ም.፣ ወባን ለማጥፋት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዋና መሣሪያውም ዲዲቲ ነበር። የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር ያወቀው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዚሁም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

ወላጆቼ ከወሎ የመጡት በ1977 ዓ.ም. ነው። ድርቁ ካፈናቀላቸው ጋር ወደ አሶሳ መጥተው ከሰልጋ መንደሮች በአንዱ ሰፈሩ። ደገኛ ለነበረ ሰው የአሶሳ ክረምት ማለት ወባ ማለት ነበር። በየቤቱ ሰው ተኝቶ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያስታምመውም የታመመ ነው። ስለዚህ የወባ ረጪዎቹ ሲመጡ እናቴ የምትቀበላቸው እንደ ዘመድ ነበር። እቃው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እህሉ ይሸፈናል፣ ውሃው ይደፋል፣ ዶሮው ይባረራል። ረጪው በትከሻው የያዘውን ጋን ፓምፕ እየመታ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በልክ ይረጫል። ልኩ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 2 ግራም ዲዲቲ ነበር። አለቃው ከኋላው ቆሞ ያያል። ሲጨርሱ ቀኑን በሩ ላይ ጽፈው ይሄዳሉ።

ለዚህ ነው ዲዲቲን በጭፍን የማልሰድበው። እኔና ታናናሾቼ ከሞት የተረፍነው በግድግዳው ላይ በነበረው ነጭ ዱቄት ጭምር እንደሆነ አምናለሁ። በልክ የሚለካ፣ ሰልጥኖ የሚረጭ፣ ተመልሶ የሚጠየቅ ሰው ነበረው። ችግሩ የጀመረው ዱቄቱ ከዚያ ሰው እጅ ሲወጣ ነው። ከየት እንደወጣ በማይነገር መንገድ በወረቀት ተጠቅልሎ ገበያ ላይ መታየት ጀመረ። ትኋን የበዛበት አልጋ ላይ ተነሰነሰ፣ ነቀዝ የገባበት ጎተራ ውስጥ ገባ። ዲዲቲ ዓመታት ይቆያል፤ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ከተረጨ በሰባተኛው ወርም ግድግዳው ላይ ትንኝ የገደለው ነገር በጎተራው በኩል ከመጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በሌላው የአገሪቱ ክፍል በጅማና በአካባቢው ከተሞች የተጠኑ እናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኝቷል። ገበያ ላይ በሚሸጥ ጫትም ተገኝቷል። ኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ መርጨቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አካባቢ ትታ ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ተሻገረች፤ በአፈርና በሰውነት ውስጥ የቀረው ግን ከውሳኔው ጋር አብሮ አልቆመም።

ከወባው ጎን ለጎን ሁለተኛው መንገድ የመንግሥት መጋዘን ነበር። ለበረሃ አንበጣ፣ ለተምች፣ ማሽላ ለሚጨርሰው የግሪሳ ወፍ እየተባለ ኬሚካል በእርዳታም በግዥም ይመጣ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በ1962 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ስምምነቱ የተፈረመው አዲስ አበባ ነው። በየጊዜው ከሚያስፈልገው በላይ ይመጣል፤ ወረርሽኙ ያልፋል፤ በርሜሉ ይቀራል። በርሜሉ ይዝጋል፣ ጽሑፉ ይለቃል፣ ይፈሳል። አገሪቱ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ ያረጁ ኬሚካሎች ክምችቶች አንዱ ያለባት ሆና ተገኘች። በ2000 እና በ2003 እ.ኤ.አ. መካከል ብቻ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ተሰብስቦ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተወስዶ ተቃጠለ። እኔ ሥራ ስጀምር አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ የመጋዘን ቁልፍ ሲያስረክበኝ ያስጠነቀቀኝ ስለ ሌባ አልነበረም። «በሩን ከፍተህ ዙሪያህን ሳትተነፍስ እይ፤ ከዚያ ነው የምትገባው» ነው ያለኝ።

ሦስተኛው መንገድ ድንበሩ ነው። የሸርቆሌ ጎልማሶች ለዘመናት ለጥጥ ለቀማና ለሌላ የቀን ሥራ ወደ ሱዳን ሲወርዱ ኖረዋል። አባይ እኛን አልፎ ሱዳን ሲገባ የሚያጠጣው የገዚራ እርሻ በ1925 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሰፊ የጥጥ መሬት ነው። መጀመሪያ ላይ በአንድ የምርት ወቅት አንዴ ይረጭ የነበረው ጥጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ በአማካይ 9 ጊዜ ያህል ይረጭ ነበር። ለምን እንደጨመረ መረዳት ያስፈልጋል። መርዙ ጥጥ የሚበላውን ትል ሲገድል ትሉን የሚበሉትንም ገደለ። ጠላት ያጣው ነጭ ዝንብ ከዚያ በፊት ያልነበረውን ያህል ተራብቶ ጥጡን አጣበቀው። ለእሱም ሌላ መርዝ መጣ። ከዚያ የተመለሱ ሰዎች አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲረጭ ማየታቸውን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያወሩት በፍርሃት አልነበረም፤ በአድናቆት ነበር። ባለ አውሮፕላኑ እርሻ ሀብታም ነበርና እነሱም የሀብቱ ምክንያት መርጨቱ ይመስላቸው ነበር።

እነሱ ግን ቤታቸው ሲገቡ አይረጩም ነበር። የከንከሴውን ቅጠል የሚበሳሳው ጥንዚዛ ሲመጣ ሴቶቹ በማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ የምድጃ አመድ ይነሰንሱበታል። ከንከሴውን ከማሽላው፣ ከቅሉ፣ ከባቄላው ጋር ቀላቅለው ስለሚዘሩ ጥንዚዛው አንድ ሰፊ ማዕድ አያገኝም። ለዘር የሚቀመጠው ማሽላ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ይጠጣል። የኒም ዛፍ ከተስፋፋ በኋላ ቅጠሉን ከእህሉ ጋር የሚቀላቅሉም አሉ። ይህ ሁሉ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ ጥንዚዛው አሸንፎ ከንከሴው ያለቀበት ዓመት አለ። ነገር ግን ቤተሰቡ የሚበላው ራሱ የሠራውን ስለነበር ጎመኑ ቢበሳሳ የሚከፋ ሰው አልነበረም። ተበሳስቶም ይበላል።

ገበያው ሲመጣ ይህ ተለወጠ። በ1989ና 90 ዓ.ም. አካባቢ የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ተከፈተ። ከሱዳን፣ በኋላም ከታላላቅ ሐይቆች አገሮች የመጡ ሰዎች ሰፈሩበት፤ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ የብሉ ናይል ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሕዝብ ተሻገረ። አሶሳም የክልል ከተማ ሆና አደገች። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው በዛ። መንገዱ ሲሻሻል ደግሞ የአዲስ አበባ ነጋዴ በአይሱዙ መጥቶ ማንጎ መጫን ጀመረ። ለቤተሰቡ ጥሩ ነበር፤ ወርቁ በማይገኝበት ሳምንት ማንጎው የልጅ ደብተር ገዛ።

ከዚያ የማንጎው ነጭ ተባይ መጣ። ይህ ተባይ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ባለ አንድ የማንጎ እርሻ ነው። ከወለጋ በነፋስ፣ በችግኝ፣ ፍሬና ቅጠል በጫነ መኪና እየተሻገረ ወደ እኛ ዘለቀ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቅጠሉ ላይ ኖራ የተረጨ መስሎኝ ነበር። ነጫጩ ነጥብ ሲታይ ተባዕቶቹ ተሰብስበው ነው፤ እንስቷ ለብቻዋ ክብ ሰም ለብሳ ቅጠሉ ላይ ተለጥፋ ትቀመጣለች። ከሥሩ ሆና ጭማቂውን ትመጥጣለች። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፣ ፍሬው ሳይደርስ ይረግፋል። ያልረገፈው ቆዳ ላይ፣ ተባዩ የተቀመጠበት ቦታ፣ ሮዝ ነጠብጣብ ይቀራል።

ስለዚህ ተባይ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ያ የሰም ልብስ ነው። በላዩ የተረጨ ኬሚካል አብዛኛውን ጊዜ ተንሸራቶ ይወርዳል። በቀላሉ የሚሞተው ተፈልፍሎ መሄጃ በሚፈልግበት በጥቂቱ ቀን ብቻ ነው፤ ሰም ከለበሰ በኋላ መግደሉ ይከብዳል። ያን ቀን ደግሞ ገበሬው በዓይኑ አይለየውም። ሁለተኛው የዛፉ ቁመት ነው። በጀርባ የሚታዘል 15 ወይም 20 ሊትር መርጫ ይዞ የሸርቆሌን ሽማግሌ ማንጎ ጫፍ መድረስ አይቻልም። የሚረጨው የታችኛውን ቅጠል ነው፤ ተባዩ ከላይ ሆኖ ያያል። መርዙ ተመልሶ የሚወርደው በረጪው ፊት፣ ከሥሩ ባሉት ፍየሎችና በጓሮው ከንከሴ ላይ ነው። ንብ ያለው ሰው ደግሞ ማንጎው አበባ ላይ ሳለ ከረጨ ቀፎው ባዶ ይሆናል። ማታ በየቤቱ ስዞር ይህን ነው የምለው፤ አባቶች ያዳምጡኛል፤ ወጣቶቹ ግን «እና ዝም ብለን እንይ?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

ወጣቶቹ ጠርሙሱን ያዩት ቲማቲም ላይ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ቱታ አብሶሉታ የተባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የቲማቲም ትል ኢትዮጵያ ገባ። ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ ገብቶ ስለሚበላ ከውጭ የተረጨ ነገር በቀላሉ አይደርስበትም። በወንዝ ዳር ፓምፕ ተክሎ ቲማቲም የሚያለማ ልጅ አንዱን ኬሚካል ይሞክራል፣ አይሠራለትም፤ ሁለቱን ደባልቆ ይሞክራል፤ መጠኑን ይጨምራል። ባቱ አካባቢ በስምጥ ሸለቆ አትክልት አምራቾች ዘንድ የተደረጉ ጥናቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ያለ ልክ መርጨት፣ ያለ መከላከያ ልብስ መርጨት፣ ከተከለከለ ወይም ካልተፈቀደ ሻጭ መግዛት። እኛ ዘንድ ሌላም ይጨመርበታል። የሚሸጠው ጠርሙስ ተከፍቶ በትንሽ ሃይላንድ ይቀዳል። ሃይላንዱ ላይ ስሙ የለም፣ ልኩ የለም፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ የለም። ያ የቀን ቁጥር እንደ ኬሚካሉ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ይለያያል። መኪናው ነገ ይመጣል ከተባለ ግን ልጁ ዛሬ የረጨውን ነገ ይለቅመዋል።

ሕጉ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል። ነገር ግን የሚበላውን ማን ይመረምራል? በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከወሰኗ በላይ የኬሚካል ቅሪት አገኘሁ ብላ ስትመልስ አገር ሁሉ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ከገበሬው ይልቅ ማሸጊያ ጆንያው ተጠርጥሮ፣ ጆንያው ሳይቀር ተመረመረ። ለጃፓናዊው ስኒ የተደረገው ጥንቃቄ ለአሶሳው ልጅ የቲማቲም ሰላጣ ሲደረግ አላየሁም። ከአሶሳ ገበያ አንድ ሳጥን ቲማቲም ተነስቶ ለምርመራ ሲወሰድ በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም። ይህ ያንገበግበኛል፤ የሚበላው የራሳችን ሰው ነውና።

የከተማው ሰው ግን ሌላ ነገር ያደርጋል፤ በዓይኑ ይመርጣል። ፒያሳ በነበረው አትክልት ተራ፣ በኮሮና ጊዜ በ2012 ዓ.ም. ገበያው ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር፣ ከዚያም ሃይሌ ጋርመንት ሲሄድ፣ በሦስቱም ቦታ ማንጎ ሲራገፍ ቆሜ አይቻለሁ። ቦታው ይለወጣል፣ አመራረጡ ግን ያው ነው። ነጠብጣብ ያለው ወደ ጎን ይጣላል። ጎመን ተገላብጦ ይታያል፤ አንዲት ቀዳዳ ካለችው ይቀመጣል። ንጹሕ ቆዳ ንጹሕ ምግብ ይመስላል። ትል ያልቀመሰው ጎመን ግን አንዳንዴ ትሉ የሞተበት ጎመን ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ መታጠብ ሁሉን አይፈታም። በቆዳው ላይ የቀረውን በሚፈስ ውሃ ማሸት ይቀንሰዋል፤ ማንጎና ብርቱካን መላጥም ይረዳል። ወደ ተክሉ ውስጥ ገብቶ በጭማቂው የሚዘዋወረውን ዓይነት ግን ውሃ አይደርስበትም።

የማንጎው ነጠብጣብ ከቆዳው አያልፍም። ሥጋው ጣዕሙም ቀለሙም ያው ነው። ይህን ሸርቆሌ ገበያ ላይ ለአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ስነግረው «እኔ አውቃለሁ፤ የሚገዛኝ አያውቅም» አለኝ። አጠገባችን ማንጎዋን የዘረጋች አንዲት የበርታ እናት በርታኛ ተናግራ ልጇ ሲተረጉምልኝ «ከተማ ቆዳውንም ነው የሚበሉት?» ማለቷ ነበር። የጠየቀችው ከልቧ ነው። ነጋዴው ያንን ክምር በግማሽ ዋጋ ወሰደላት። በማግስቱ ልጇ እኔ ዘንድ መጥቶ የሚረጨው የት እንደሚገኝ ጠየቀኝ።

እኔ የመለስኩለት መጋዝ ነው። የሸርቆሌን ማንጎ ከዚህ ተባይ ለማስጣል የሚሻለው ዛፉን ማሳጠር፣ የታመመውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠል፣ ውስጡ ብርሃንና ነፋስ እንዲገባ መክፈት ነው። በጥላና በመጠጋጋት ውስጥ ተባዩ ይመቸዋል። የተቆረጠው ዛፍ ዝቅ ብሎ ሲያቆጠቁጥ እጅ ይደርስበታል፤ ቢያስፈልግ እንኳ በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ልክ፣ አንድ ጊዜ ለመርጨት ይቻላል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። የተቆረጠ ሽማግሌ ዛፍ ዳግም በደንብ እስኪያፈራ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አምስት ዛፍ ያለው ቤተሰብ ሁሉንም በአንዴ መቁረጥ አይችልም፤ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት እየቆረጠ በቀሩት ይኖራል። በቀሩት ላይ የሚለቀመው ደግሞ ነጠብጣቡ ያለበት ፍሬ ነው። ያ ፍሬ በሙሉ ዋጋው አሶሳና አዲስ አበባ ከተሸጠ መጋዙ ይቀጥላል። በግማሽ ዋጋ ከተሸጠ ልጁ ባለ ሃይላንዱ ዘንድ መሄዱ አይቀርም፤ እኔም እንዳይሄድ የምለውበት አፍ አይኖረኝም።